አራስ ልጅ ዝም ሲል፦ ጨቅላ ሕፃን ሐኪም የሚያስፈልገው መቼ እንደሆነ ለመለየት

የመጀመሪያ ልጄ በተወለደች በአራተኛው ቀን ቤታችን በጠያቂ ተሞልቶ ነበር። ገንፎው ይገነፋል፣ ቡናው ይፈላል፣ የገባው ሁሉ ጨርቋን ገለጥ አድርጎ ያያትና «እንዴት ያለች ጨዋ ልጅ ናት! ድምፅዋ እንኳ አይሰማም» ይላል። እኔም ደስ እያለኝ እሰማለሁ። ከጠዋት ጀምሮ የጠባችው ሁለት ጊዜ ብቻ ነበር፤ ሁለቱንም ጊዜ ጡቴን እንደጎረሰች እንቅልፍ ወሰዳት። ከሰዓት በኋላ የሰፈራችን የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ልትጠይቀኝ መጣች። ገንፎ ሳትቀምስ ልጅቷን ከእቅፌ ተቀብላ ወደ መስኮቱ ወሰደቻት፣ መጋረጃውን ገለጠች፣ ካልሲዋን አወለቀችና ውስጥ እግሯን በአውራ ጣቷ ጫን አድርጋ ለቀቀችው። የተጫነው ቦታ ቢጫ ነበር። «እናትዬ፣ ነጠላሽን ደርቢ፤ አሁን ነው የምንሄደው» አለችኝ።

ልጄ ሦስት ቀን በሕክምና መብራት ሥር ተኝታ ዳነች። እኔ ግን ያን ቀን የተማርኩትን እስከ ዛሬ ለአራስ ሁሉ እናገራለሁ። ትልቅ ሰው ሲያመው ያቃስታል፣ የሦስት ዓመት ልጅ ሲያመው ያለቅሳል፣ አራስ ልጅ ግን ሲታመም ብዙ ጊዜ ዝም ነው የሚለው። መጥባት ይተዋል፣ ይተኛል፣ ይዝላል። «ጨዋ» ያልነው ልጅ አቅም ያጣ ልጅ ሊሆን ይችላል።

የጨቅላነት ጊዜ የሚባለው ከተወለደ እስከ 28ኛው ቀን ያለው ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የተደረገው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንደሚያሳየው በሕይወት ከሚወለዱ 1000 ሕፃናት 29ኙ ይህን አንድ ወር ሳይሞሉ ይሞታሉ። አብዛኛው ሞት ደግሞ በመጀመሪያው ሳምንት ውስጥ ነው። ዋናዎቹ ምክንያቶች ያለጊዜ መወለድ፣ በወሊድ ሰዓት መታፈንና ኢንፌክሽን ናቸው። አራስ ልጅ ኢንፌክሽን ሲይዘው ሰውነቱ ገና መከላከልን ስላልለመደ ጀርሙ በሰዓታት ውስጥ ወደ ደሙ ሊሰራጭ ይችላል። ስለዚህ «እስኪ እስከ ነገ እንየው» የሚለው ቃል በዚህ ዕድሜ አይሠራም።

መጀመሪያ የልጃችሁን ደህና ቀን እወቁ

ደህናውን ያላወቀ ሰው ሕመሙን መለየት ይቸግረዋል። እኛ ቤት የአራስ ክፍል መጋረጃው ተዘግቶ ይጨልማል፣ ልጁም በፎጣና በጋቢ ተጠቅልሎ ከአፍንጫው በስተቀር ምንም አይታይም። ብርድ እንዳይመታው ታስቦ ነው፤ ግን በዚያ ጨለማ ውስጥ የቆዳው መቅላትና ቢጫነት፣ የደረቱ መሰርጎድ፣ የእትብቱ ማመርቀዝ ሁሉ ይደበቃል። ስለዚህ በቀን ሁለት ጊዜ፣ ጠዋትና ከሰዓት፣ ክፍሉ ሞቅ ብሎ ሳለ በመስኮት ብርሃን ልብሱን አውልቃችሁ ከራሱ እስከ እግሩ እዩት። ሁለት ደቂቃ ይበቃል። አንዲት ቁራጭ ወረቀት ግድግዳ ላይ ለጥፉና የጠባበትን ሰዓት፣ ስንት ጊዜ እንደሸናና ካካ እንዳለ በጭረት ጻፉ። ሌሊት እንቅልፍ ያጣች እናት ጭንቅላቷ ውስጥ መያዝ አትችልም፤ ወረቀቱ ግን ይይዛል። ሐኪም ፊት ስትቀርቡም ከሁሉ በላይ የሚጠቅመው እሱ ነው።

ስትመለከቱት ሊያስደነግጧችሁ የማይገቡ ነገሮች አሉ። ስቅታና ማንጠስ ያለ ነው። በመጀመሪያው ቀን እጅና እግሩ ብቻ ደብዘዝ ብሎ ሰማያዊ ቢመስል፣ ከንፈሩና ምላሱ ቀይ እስከሆኑ ድረስ ችግር የለውም። ቆዳው ቢላላጥ፣ አፍንጫው ላይ ነጫጭ ነጠብጣብ ቢታይ ይጠፋል። ሴት ልጅ በመጀመሪያው ሳምንት ከብልቷ ጥቂት ደም ብታይ፣ የሴትም የወንድም ልጅ ጡት አብጦ ወተት መሰል ነገር ቢወጣው ከእናት የተላለፈ ሆርሞን ነው። ያበጠውን ጡት አትጭመቁት፤ በመጨመቅ ምክንያት መግል ይዞ ለቀዶ ጥገና የሚደርስ ልጅ አለ።

ከሌሎች ቀድሞ የሚታዘንላቸውና የሚፈራላቸው ልጆችም አሉ፦ ከ37 ሳምንት በፊት የተወለደ፣ ክብደቱ ከ2.5 ኪሎ በታች የሆነ፣ ሲወለድ ቶሎ ያላለቀሰ፣ ቤት ውስጥ የተወለደ፣ የእናቱ ሽርት ውኃ ከወሊድ በፊት ከ18 ሰዓት በላይ የፈሰሰ ወይም እናቱ በምጥ ጊዜ ትኩሳት የነበራት። የእናንተ ልጅ ከእነዚህ አንዱ ከሆነ ከዚህ በታች ያለውን ስታነቡ «ትንሽ ነው» የምትሉትን ምልክት እንኳ አትለፉት።

አጠባቡን ተከታተሉ

አንድ ምልክት ብቻ ምረጪ ብትሉኝ ይህን እመርጣለሁ። አራስ ልጅ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ8 እስከ 12 ጊዜ ይጠባል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከሦስት ሰዓት በላይ ከተኛ ቀስቅሱት። በደንብ የሚጠባ ልጅ አፉን በሰፊው ከፍቶ ይጎርሳል፣ መንጋጋው ይንቀሳቀሳል፣ ሲውጥ ይሰማል፤ ሲጠግብ ደግሞ ጨብጦት የነበረው እጁ ይፈታል።

አልነቃ ያለ ልጅ እንቅልፍ ይሁን ሕመም ለመለየት እንዲህ አድርጉ። ልብሱን ቀንሱ፣ ሽንት ጨርቁን ለውጡ፣ ውስጥ እግሩን በጣታችሁ ኮርኩሩ፣ ከዚያ ራቁቱን በእናቱ ደረት ላይ አስተኙትና ጥቂት ወተት ከንፈሩ ላይ አልቡበት። ደህና ልጅ ፊቱን ያጨማድዳል፣ ይነጫነጫል፣ አፉን ከፍቶ ጡት ይፈልጋል። ይህ ሁሉ ተደርጎ ዓይኑን ገልጦ ተመልሶ ከዘጋ፣ ጡቱን አፉ ውስጥ ይዞ ካልሳበ ወይም ሁለት ሦስት ጊዜ ስቦ ከደከመ ታሟል ብላችሁ ተነሱ። በተለይ ትናንት በደንብ ይጠባ የነበረ ልጅ ዛሬ ካቆመ ሌላ ምልክት አትጠብቁ። ሲነኩት ብቻ የሚንቀሳቀስ ወይም ሲያነሱት እንደ ጨርቅ የሚዝል ልጅ ደግሞ በዚያው ቅጽበት መንገድ መጀመር አለበት።

ሽንቱ ምስክር ነው። በመጀመሪያው ቀን ቢያንስ አንድ፣ በሁለተኛው ሁለት፣ በሦስተኛው ሦስት እያለ ይሄድና ከአምስተኛው ቀን በኋላ በቀን ስድስትና ከዚያ በላይ ይሆናል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ሽንት ጨርቁ ላይ የሸክላ ዱቄት የመሰለ ቀላ ያለ ነገር ሊታይ ይችላል፤ ከዚያ በኋላም ከቀጠለ ወተት አልበቃውም ማለት ነው። ክብደቱ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ትንሽ መቀነሱ ያለ ነው፤ ከ10 በመቶ በላይ ከቀነሰ ወይም በሁለት ሳምንት ወደ ልደት ክብደቱ ካልተመለሰ ግን መታየት አለበት። ደርቆ ሲታይ፣ አፉ ውስጥ ምራቅ ሲጠፋ፣ በአናቱ ላይ ያለው እርግብግቢት ሲሰረጉድ ያለጥርጥር ፈሳሽ አጥሮታል። እርግብግቢቱ ጸጥ ብሎ ተኝቶም ሳለ ወደ ላይ አብጦ ከተወጠረ ደግሞ የማጅራት ገትር ምልክት ሊሆን ይችላልና አትዘግዩ።

እግረ መንገዴን፣ ያን ወፍራም ቢጫ የመጀመሪያ ወተት፣ እንገሩን፣ «ለልጅ አይሆንም» ብላችሁ አታፍስሱት። ከኢንፌክሽን የሚጠብቀው የመጀመሪያ ጋሻው እሱ ነው።

ትንፋሹን ቁጠሩ

ልጁ ጸጥ ሲል ወይም ሲተኛ ልብሱን እስከ ደረቱ ግለጡ። ካለቀሰ ወይም ገና ከጠባ ጥቂት ጠብቁ። ስልካችሁ ላይ አንድ ደቂቃ ሙሉ ያዙና ሆዱ ከፍ ባለ ቁጥር አንድ፣ ሁለት እያላችሁ ቁጠሩ። ሩብ ደቂቃ ቆጥሮ በአራት ማባዛት ለአራስ አይሆንም፤ ምክንያቱም የጨቅላ ትንፋሽ አንዴ ፈጠን አንዴ ቆም ይላል። ከአምስት እስከ አሥር ሴኮንድ ቆም ብሎ መቀጠሉ የተለመደ ነው። 20 ሴኮንድ ከቆመ ወይም ሲቆም ፊቱ ከጠቆረ ግን አደጋ ነው።

በደቂቃ ከ30 እስከ 60 ባለው መካከል ከሆነ ደህና ነው። 60 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ አረጋግታችሁ እንደገና ቁጠሩ፤ ሁለተኛውም 60ና ከዚያ በላይ ከሆነ ሂዱ። ቁጥሩ ባይደርስም እንኳ ሲተነፍስ ከጎድን አጥንቱ በታች ያለው ደረቱ በኃይል ወደ ውስጥ ከሰረጎደ፣ የአፍንጫው ቀዳዳ ከተነፋ፣ በያንዳንዱ ትንፋሽ «እህ… እህ…» የሚል የማቃሰት ድምፅ ካለ ልጁ አየር ለማግኘት እየታገለ ነው። ከንፈሩና ምላሱ ከጠቆሩ ወይም ሰማያዊ ከሆኑ ያገኛችሁትን ተሽከርካሪ አስቁሙ። አፍንጫው ታፍኖ መንኮራፋት ብቻ ከሆነና እየጠባ ከሆነ ግን አያስደነግጥም።

ሙቀቱን ለኩ፤ ቅዝቃዜውንም

ቴርሞሜትር ከፋርማሲ ግዙ። በአራስ ቤት ከሚገዛው ልብስና ብርድ ልብስ ሁሉ ይበልጣል ብል ማጋነን አይደለም። ጫፉን ብብቱ መሐል አድርጉና ክንዱን ወደ ደረቱ ገጥማችሁ እስኪጮህ ያዙት። ከ36.5 እስከ 37.5 ዲግሪ ደህና ነው። ከ37.5 በላይ ከሆነ ተጠቅልሎ ሞቆት እንደሆነ ለማየት አንድ ደርብ ልብስ ቀንሱና ከ15 ደቂቃ በኋላ መልሳችሁ ለኩ። ካልወረደ ወደ ጤና ተቋም ነው። 38 ከደረሰ ደግሞ መልሶ መለካት አያስፈልግም። አሜሪካ ያላችሁ በቁጥሩ እንዳትሳሳቱ፦ 38 ማለት በፋራናይት 100.4 ነው፤ እዚያም ይህ ቁጥር ከሌሊቱ በስንትም ሰዓት ቢሆን የሚያስነሳ ነው።

ፓራሲታሞል በቤት ውስጥ አትስጡት። ትኩሳቱን ደብቆ ሕመሙን ግን አይነካውም።

ብዙ ሰው ትኩሳትን ይፈራል፣ ቅዝቃዜን ግን ይንቃል። በጠና የታመመ ጨቅላ ብዙ ጊዜ ከመጋል ይልቅ ይቀዘቅዛል። ከ36.5 በታች ከሆነ ኮፍያና ካልሲ አልብሳችሁ፣ ራቁቱን በእናቱ ወይም በአባቱ ደረት ላይ ቆዳ ለቆዳ አስተኙት፣ ከላይ ብርድ ልብስ ደርቡ፣ አጥቡት፤ በአንድ ሰዓት ውስጥ ካልሞቀ ሂዱ። ከ35.5 በታች ከሆነ ግን እዚያው ደረት ላይ እንዳለ ጉዞ ጀምሩ። መለኪያ ከሌላችሁ በእጃችሁ ጀርባ ሆዱንና እግሩን ንኩ። እግሩ ቀዝቅዞ ሆዱ ሞቃት ከሆነ ልብስ ጨምሩለት። ሆዱም ከቀዘቀዘ ሌላ ነገር ነው፤ ያ የአደጋ ምልክት ነው።

ቀለሙን በቀን ብርሃን እዩ

የልጄ ነገር እዚህ ጋ ነው። ቢጫነት፣ የወፍ በሽታ የምንለው፣ በብዙ አራሶች ላይ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ይታያል፤ በአብዛኛው በራሱ ይጠፋል። ክፋቱ መቼ እንደጀመረና እስከ የት እንደወረደ ነው።

በእኛ ቆዳ ላይ ቢጫነት በአምፖል ብርሃን አይታይም፤ የባሰ ደግሞ አምፖሉ ራሱ ቢጫ ነው። በመስኮት ብርሃን ግንባሩን፣ ከዚያ ደረቱን፣ ከዚያ መዳፉንና ውስጥ እግሩን በየተራ በጣታችሁ ጫን አድርጋችሁ ስትለቁት ከሥር የሚወጣውን ቀለም ተመልከቱ። የዓይኑን ነጭና ድዱንም እዩ። ቢጫው ከፊት ጀምሮ ወደ ታች ይወርዳል። ፊት ላይ ብቻ ያለና እየጠባ የሚውል ልጅ ይጠበቃል፣ በየቀኑም ይታያል። መዳፍና ውስጥ እግር ሲደርስ ግን በደሙ ውስጥ ያለው መጠን ከፍ ብሏልና በዚያው ቀን ምርመራ ያስፈልገዋል። በተወለደ በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት ውስጥ የታየ ማንኛውም ቢጫነት፣ ፊት ላይ ብቻ ቢሆንም፣ አጣዳፊ ነው። ቢጫ ሆኖ እንቅልፍ የበዛበትና መጥባት የተወ ልጅም እንዲሁ።

ምክንያቱን ማወቅ ያተጋል። ቢሊሩቢን የሚባለው ቢጫ ነገር በደም ውስጥ ሲበዛ ወደ አንጎል ይገባል፤ ከገባ በኋላ መስማት የሚነሳ፣ እጅና እግር የሚያስር ጉዳት ያደርሳል፣ ያን ደግሞ መመለስ አይቻልም። በጊዜ ሲደርሱ ግን ሕክምናው ሰማያዊ መብራት ሥር ማስተኛት ነው። ስንቱ ቤት «ፀሐይ ላይ አሙቁት፣ ይለቀዋል» እየተባለ ቀን ባከነ! የጠዋት ፀሐይ የመብራቱን ቦታ አይተካም፤ ልጁንም ወይ ያቀዘቅዘዋል ወይ ያቃጥለዋል።

ሾተላይ እያሉ አያቶቻችን ሲያለቅሱበት የኖሩት ብዙው ሞት ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። አርኤች በሚባለው የደም ዓይነት የእናት ደም ኔጌቲቭ፣ የልጁ ፖዘቲቭ ሲሆን የእናት ሰውነት የልጁን ደም የሚሰብር ነገር ያመርታል፤ ከሁለተኛው ልጅ ጀምሮ ይከፋል። ኔጌቲቭ የሆነች እናት ልጇ ፖዘቲቭ ከሆነ ከወሊድ በኋላ በ72 ሰዓት ውስጥ ለቀጣዩ ልጅ የሚከላከል መርፌ ትወጋለች። የደም ዓይነታችሁን የማታውቁ ካላችሁ ከመውለዳችሁ በፊት ጠይቁ።

ቢጫው ከ14 ቀን በላይ ከቆየ የካካውን ቀለም ተመልከቱ። ነጣ ያለ ወይም አመድማ ካካና የጠቆረ ሽንት የሐሞት ቧንቧ መዘጋት ሊሆን ይችላል። ይህ ችግር በቀዶ ጥገና ቶሎ፣ በተቻለ መጠን ሁለት ወር ሳይሞላው፣ መሠራት ስላለበት «ልጁ ጠንክሮ ይጠባል» ብላችሁ አትዘናጉ።

እትብት፣ ቆዳ፣ ዓይን

እትብት ብዙውን ጊዜ ከ5 እስከ 15 ቀን ባለው ጊዜ ደርቆ ይወድቃል። ጤና ጣቢያ ለእትብት ክሎርሄክሲዲን ቅባት ከሰጣችሁ የታዘዘላችሁን ያህል ቀቡ፣ ዓይን ውስጥ ግን እንዳይገባ ለብቻው አስቀምጡት፤ የዓይን ቅባት መስሎ የተቀባበት ልጅ ዓይኑ ይጎዳል። ከዚያ ውጭ ቅቤም፣ አመድም፣ ቅጠልም፣ እበትም አይነካውም። እበትና አፈር መንጋጋ ቆልፍ የሚያመጣውን ጀርም ይዘው ይገባሉ። እምብርቱ መግል ከያዘ፣ ከሸተተ፣ መቅላቱ ወደ ሆድ ቆዳ ከተስፋፋ ወይም ደም መንጠብ ካላቆመ አሳዩት። ሲወለድ የቫይታሚን ኬ መርፌ ያልተወጋ ልጅ፣ ለምሳሌ ቤት የተወለደ፣ ከእምብርቱ፣ ከአፍንጫው ወይም በካካው ደም ከታየበት በጣም አጣዳፊ ነው።

መግል የቋጠሩ ሽፍታዎች በቆዳው ላይ ከወጡ፣ በተለይ ከበዙ፣ መታከም አለባቸው። ጠዋት ጥቂት አይናር መኖሩ ብዙ አያሳስብም፤ ሽፋኑ አብጦ ወፍራም ቢጫ መግል ከፈሰሰው ግን በቀናት ውስጥ ዓይን የሚያጠፋ ኢንፌክሽን ሊሆን ይችላል። የእናት ጡት ወተት ማንጠብ አያድነውም።

መንቀጥቀጥ ሲታይ

አራስ ልጅ ሲደነግጥ እጁን ዘርግቶ ይሰበስባል፤ ሲያለቅስም አገጩ ይርገበገባል። የሚያሳስበውን ለመለየት የሚንቀጠቀጠውን እጅ ወይም እግር በቀስታ ያዙት። ስትይዙት ከቆመ ድንጋጤ ወይም ብርድ ወይም ረሃብ ነው፤ አጥቡት፣ ከተደጋገመ ግን ስኳሩ ዝቅ ብሎ ሊሆን ስለሚችል አሳዩት። ስትይዙት እጃችሁ ውስጥ ምቱ ከቀጠለ፣ ዓይኑ ወደ አንድ ጎን ከተሰቀለ፣ ሳይጠባ አፉን እያኘከ ከደጋገመ፣ እግሮቹን ብስክሌት እንደሚነዳ ካንቀሳቀሰ የሚጥለው ሕመም ነው። «ዓይን በልቶት ነው» ብሎ ጭስ ማጠን አንጎሉን አየር ይነሳዋል። በጎኑ አስተኙት፣ አፉ ውስጥ ምንም አትጨምሩ፣ ከቻላችሁ በስልክ ቪዲዮ ያዙ። ሐኪም ቤት ስትደርሱ ምናልባት አቁሞ ይሆናልና ያ ቪዲዮ ከብዙ ቃል ይሻላል።

ሆድና ትውከት

ጠብቶ ሲያገሳ ማቅረሸት ያለ ነው። እንደ ሐሞት አረንጓዴ ከሆነ ትውከት ግን አንድ ጊዜም ቢሆን አትጠብቁ፤ አንጀቱ ተጠማዞ ወይም ተዘግቶ ሊሆን ይችላል፤ ቀዶ ጥገና የሚሠራበት ትልቅ ሆስፒታል ነው የሚፈልገው። እንደ ሬንጅ የጠቆረው የመጀመሪያ ካካ በ24 ሰዓት ውስጥ መውጣት አለበት፤ ካልወጣና ሆዱ ከተነፋ፣ ወይም የፊንጢጣው ቀዳዳ ከሌለ (እዩት፣ ሳይታይ የሚቀር ልጅ አለ) ሂዱ። ሁለት ሳምንት ካለፈው በኋላ፣ በጠባ ቁጥር በኃይል እየተፈናጠረ የሚያስታውክና ወዲያው ደግሞ የሚርበው ልጅም መታየት አለበት።

ቤት ውስጥ የሚደረጉትን ተዉ

እናቶቻችንን አከብራለሁ፤ በአራስ ቤት ውስጥ የእነሱን ያህል የደከመ የለም። ሆኖም ጥሬ ቅቤ ማስዋጥ ወደ ሳንባው ገብቶ የሳንባ ምች ያስከትላል። እንጥል ማስቆረጥና ድድ መቅደድ ደም ያፈሳል፣ ኢንፌክሽን ያስገባል። የስኳር ውኃ፣ የአብሽ ውኃ፣ ጤና አዳም ሆዱን ሞልተው ጡት ያስተዉታል። ስድስት ወር እስኪሞላው ከጡት በቀር ውኃ እንኳ አያስፈልገውም። አማቴ ቅቤውን በብርጭቆ ይዛ በመጣች ጊዜ «እማማ፣ ለእኔ ለራሴ ቀቢኝ፣ ለእሷ ተዪላት» ብዬ ራሴን ዘርግቼ ሰጠኋት። ተቀባሁ፤ ልጄም ተረፈች።

«ክርስትና ሳይነሳ ከቤት አይወጣም» የሚለውንም በየዋህነት አትያዙት። አርባና ሰማንያ ቀን ለታመመ ልጅ እጅግ ሩቅ ነው። የጸለያችሁለት ልጅ መንገድ ላይም ጸሎቱ አይለየውም።

ስትሄዱ እንዴት ትሄዳላችሁ

ልጁን የምትይዘው እናት ብትሆን ይመረጣል። ሽንት ጨርቅ፣ ኮፍያና ካልሲ ብቻ አድርጋችሁ በእናቱ ደረት ላይ ቆዳ ለቆዳ እሰሩት፣ ከላይ ነጠላና ጋቢ ደርቡ፣ አፍንጫው ነጻ ይሁን። መዋጥ የሚችል ከሆነ መንገድ ላይም ይጥባ፤ ስኳሩ እንዳይወርድ ያግዘዋል። ራሱን ከሳተ ወይም እያንቀጠቀጠው ከሆነ ግን በአፉ ምንም አይሰጠው። የእናት የክትትል ካርድ፣ የወሊድ ወረቀት፣ የደም ዓይነትና ያ ግድግዳ ላይ የለጠፋችሁት ወረቀት ይያዝ። የቀይ መስቀል አምቡላንስ ቁጥር 907 ነው። አውሮፓ ያላችሁ 112፣ አሜሪካ 911፣ እስራኤል 101 ደውሉ።

ካርድ ክፍል ሰልፍ ላይ ቆማችሁ አትጠብቁ። ዘበኛም ይሁን ነርስ መጀመሪያ ላገኛችሁት ሰው ዕድሜውንና ዋናውን ነገር በአንድ ትንፋሽ ንገሩ፦ «ልጄ አምስት ቀኑ ነው፣ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ጀምሮ አልጠባም።» «አራስ ነው» የሚለው ቃል ብዙ በር ይከፍታል።

«ምንም አይለውም፣ ተመለሱ» ከተባላችሁ በትሕትና አራት ነገር ጠይቁ፦ ሲስተር፣ ሙቀቱ ተለካ? ትንፋሹ ደቂቃ ሙሉ ተቆጠረ? ተመዘነ? ሲጠባ ታየ? እነዚህ ሳይደረጉ አትውጡ። እኔ ይህን ባለመጠየቄ ከሁለተኛ ልጄ ጋር አንድ ሌሊት ከአንድ ጤና ተቋም ተመልሼ፣ ልጁ በማግሥቱ በሌላ ቦታ ተኝቶ ታክሟል።

ሆስፒታል መድረስ በምንም መንገድ የማይቻልበት ገጠር ውስጥ ከሆናችሁ የጤና ኬላ ባለሙያዋ ጋ ሂዱ። ወደ ሆስፒታል መላክ ያልተቻለን ጨቅላ ጄንታማይሲን በሚባል መርፌና አሞክሳሲሊን በሚባል የሚዋጥ ፀረ ጀርም መድኃኒት ለ7 ቀን እንዲያክሙ የሠለጠኑ አሉ። በሦስተኛው ቀን ልጁ ቢሻለውም ሰባቱንም ጨርሱ፤ እየጠባ ካልሄደ ወይም ከባሰበት ደግሞ ሰባቱን አትጠብቁ።

ሳይታመምም ቢሆን በሦስተኛው ቀን፣ ከሰባተኛው እስከ አሥራ አራተኛው ቀን ባለው ጊዜና በስድስተኛው ሳምንት ቀጠሮ አለው። ታክሞ ቤት በገባበት የመጀመሪያ ሌሊት ስልካችሁን በየሦስት ሰዓቱ እንዲጮህ ሙሉት። ሲጮህ ተነሡ፣ ሆዱን በእጃችሁ ጀርባ ንኩ፣ ትንፋሹን ቁጠሩ፣ አጥቡት፣ ወረቀቱ ላይ ጭረት አድርጉ፣ ተመልሳችሁ ተኙ።